ግማሹ ሚስማር

ባቲ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ጎሳዬ፣
ጅቡቲ ከተማ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ሙቀቱስ ጋብ አለልዎት? ዋራበሌ ሰፈር ያለው ቤትዎ ጣሪያውን ነፋስ ገንጥሎት ነበር ሲል ጌቾ ነግሮን ነበር፤ ተሠራ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልዎት ለሰላምታው ወግ ነው፤ ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ።

በወረቀት የጻፍኩት ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ከግንቦት ወዲህ ስደውል አያነሱም። ተበላሽቶባቸው ይሆናል ብዬ ጌቾን ብጠይቀው፣ ቡላኦስ ሰፈር ከሚሠሩበት ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ብለው በስልክዎ ኳስ ሲያዩ እንዳገኘዎት አጫወተኝ። የጭነት መኪና ሾፌር መቼም ወሬ አይደብቅም። ቅር ያሰኘንዎት ነገር ካለ ይንገሩን። እርስዎ ማኩረፍ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

ጉዳዬ የአባታችን መኪና ነው። ግንቦት 11 ቀን ወንድሜ ሙላው ከሰኞ ገበያ ሲመለስ የገለበጣት ያቺው አሮጌ ላንድክሩዘር። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣ የነበረችው ጎረቤታችን ስርጉት መሞቷን ያን ጊዜውኑ ሰምተዋል። ሁለት ልጆች ትታለች። ነገሩ በሕግ በኩል ቢያልፍም በአገሩ ወግ አላለፈም። የዕርቁ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቹ፣ ይዘውታል። ደም እስኪደርቅ ድረስ የስርጉት ቤተሰቦች በሚቀዱበት ቧንቧ አንቀዳም፤ እነሱ ባሉበት ገበያ አንቆምም። የአበጋሮቹ ዋና አባ ዓቢዳ ናቸው። እሳቸው መኪናዋ ተጠግና ገቢዋ ለስርጉት ልጆች ማሳደጊያ ይሁን ብለዋል፤ እኛም ተቀብለናል።

የሰፈራችን መካኒክ ፍራኦል ሞተሯ ደህና ነው ይላል። ያለቀው መሪዋ ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ከነጫፎቹ፣ ከመሪው ሳጥን የሚመጣው አጭሩ ዘንግም ጭምር መለወጥ አለበት። እንደሚያውቁት ይህች መኪና መሪዋ በእጅ ጉልበት ነው፤ መንገዱ የነገራትን ሁሉ ለክንድ ታደርሳለች። እዚህ የሚገኘው ዕቃ ለአዲሶቹ የሚሆን ነው። ለፋሲካ በመጡ ጊዜ እጅዎ ነክቷታልና ከማንም ይልቅ እርስዎ ያውቋታል። ዕቃውን ፈልገው በጌቾ ይላኩልን።

ሙላው አይናገርም። ሲበላ እንኳ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ ነው። ስለ እሱ እጅግ እሰጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
አፀደ አበባው


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፀደ

አምላክ ያሳድግሽ እንዳልል አድገሽ ጨርሰሻል፤ እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ቤትሽ ይሙቅ፣ እጅሽ ይባረክ። የሙላውንም ልብ ፈጣሪ ያረጋጋልኝ። ወረቀትሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

ስልኬ ኳስ ያሳያል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ላብ ገብቶበታል። በዚህ አገር ሐምሌና ነሐሴን ያለፈ ስልክም ሰውም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጣሪያው ላይ ድንጋይ ጭኜበታለሁ፤ ለጊዜው ይዟል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ሳቢት የሚባል የመናዊ ዕቃ ሻጭ አለ። መደርደሪያው ላይ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ብረት ያስቀምጣል። እሱን ማግኘት የሚቻለው ከጠዋት ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ ጫቱ ከገባ በኋላ እንኳን ሻጭ ገዢም አይገኝም። ሳቢት ግን ናሙና ሳያይ አይሸጥም፤ እውነቱንም ነው። የመሪ ዘንግ ጫፍ ለዓይን ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሾጣጣው አንገት በጥቂቱ ከቀጠነ ግን ገብቶ ይጫወታል። ስለዚህ አሮጌውን ሁሉ አስፈትተሽ በጌቾ እጅ ላኪልኝ። ዘንጉን፣ ጫፎቹን፣ ዳዶዎቹን፣ በዳዶው ውስጥ የሚያልፈውን ሽቦም ጭምር። አንድም ነገር እዚያ አይቅር። ለማንም ማሳየት አያስፈልግም፤ ብረት ያየ ሁሉ መካኒክ ነኝ ባይ ነው።

ፍራኦል ሲፈታ የብሎኑን ጥርስ በመዶሻ እንዳይመታ ንገሪው። ጫፉ የተሰካበትን የብረት ክንድ ግራና ቀኝ ጎኑን በሁለት መዶሻ እኩል ይምታው፤ ራሱ ይለቃል። ጫፉን ከዘንጉ ሲያወጣ ስንት ዙር እንደዞረ ይቁጠር። አዲሱን ያንኑ ያህል ዙር ሲያስገባው ጎማዎቹ ወደ ቀድሞ አቅጣጫቸው ይመለሳሉ። የአንዱ ወገን ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፤ በጉልበት እንዳይታገለው።

ሙላውን አይዞህ በይልኝ። የመኪና ነገር የዕድል ነገር ነው። እኔስ በዚህ ሥራ ስንት ጉድ አይቻለሁ።

አጎትሽ ጎሳዬ


ባቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ጎሳዬ

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃትዎ ደርሶናል፤ አሜን ብለናል።

እንዳዘዙት አሮጌዎቹን ብረቶች በጆንያ ጠቅልዬ በጌቾ ልኬያለሁ። ዘንጎቹ ሁለት፣ ጫፎቹ አራት፣ ዳዶዎቹ ሦስት ናቸው። አራተኛው ዳዶ የለም። በግራ ጎማ በኩል የነበረው ነው፤ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል።

ከዚያው ከግራው ጫፍ ግን አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ዳዶው እንዳይፈታ በብሎኑ ቀዳዳ ማለፍ የነበረበት ሽቦ አልነበረም፤ በቦታው ሚስማር ነበረ። ሚስማሩ ተቆርጦ ግማሹ ወድቋል፣ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ፍራኦል በፒንሳ ጎትቶ አወጣው። የመኪናዋ ዕቃ ስላልሆነ ለናሙና አይጠቅምዎትም ብዬ እኔ ጋ አስቀመጥኩት።

ያን ጊዜ መኪናዋን ያየው የትራፊክ ፖሊስ፣ ዘንጉ የወለቀው ስትገለበጥ ነው ብሎ ነበር የጻፈው። ፍራኦል አይደለም ይላል። ስትገለበጥ ቢሆን ብረቱ ይጎብጥ ነበር እንጂ ዳዶው ተፈትቶ አይወርድም። መጀመሪያ ሚስማሩ ተቆረጠ፣ ዳዶው በንዝረት ተፈታ፣ ዘንጉ ወደቀ፤ ሙላው ጠመዝማዛው ላይ ያዞረው ምንም ያልያዘ መሪ ነው ይላል።

ይህንን ለሙላው ነገርኩት። እህቴ ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትዪው ብሎ ወጣ። ለአባ ዓቢዳም ሄጄ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ በእኛ ወግ ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ ያወጣል እንጂ የአንዱ ጥፋት በሌላው አፍ አይነገርም። ሚስማሩን ያሰረው ሰው ይምጣና ይናገር» አሉኝ።

ፍራኦል፣ ይህ የሟቹ አባትሽ ሥራ መሆን አለበት፤ እሳቸው ነገር መጠጋገን ይወዱ ነበር አለኝ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

አፀደ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፀደ

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናሽን ይጠብቅ። ለመጪው ገና በሰላም ያድርሳችሁ። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፤ የተጣላውን ያስታርቅ፣ የታመመውን ይማር። ስርጉትንም ነፍሷን በገነት ያኑር። ስዘገይ ተቀይመሽ እንዳይሆን፤ ወረቀት ብዙ ጊዜ ጀምሬ ሳልጨርስ ቀርቻለሁ።

ዕቃው ተገኝቷል። ሁሉም አዲስ ነው፤ ከሳቢት ጋር ሦስት ጠዋት ተከራክሬ ከናሙናው ጋር አንድ በአንድ አስተያይቼ ነው የወሰድኩት። ሒሳቡን አታንሺብኝ፤ ለስርጉት ልጆች ከእኔ ይሁን።

አሁን ይህንን ፍራኦል ልብ ብሎ ይስማሽ፤ መኪናዋ ስር ገብቶ ሳለ አንብቢለት። ሾጣጣው ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው በጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ፤ ግራሶ አይነካው። ዳዶው እስከሚችለው ይጥበቅ። ከጠበቀ በኋላ የዳዶው ክፍተትና የብሎኑ ቀዳዳ ካልገጠሙ፣ እንዲገጥሙ ብሎ ወደ ኋላ እንዳያላላ፤ ወደ ፊት ጨምሮ ያጥብቀው። ሽቦው ይለፍ፤ ሁለቱም እግሮቹ ይታጠፉ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች። ለአራት ዳዶ ስምንት ሽቦ ልኬያለሁ። አሮጌ ሽቦ ተቃንቶ አይደገምም። ሽቦ ካልተገኘ መኪናዋ ትቁም። አንድ ቀንም ብትሆን፣ በዓልም ቢሆን ትቁም። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ጎማዎች ርቀት ከፊትና ከኋላ በገመድ ይለካ፤ የፊቱ ከኋላው በጥቂቱ ጠበብ ይበል።

ስለ ሚስማሩ ጠይቀሽኛል። ወንድሜ አበባው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለ ልማድ ነበረበት፤ ፍራኦል አልተሳሳተም ይሆናል። ሟች አይወቀስም። አንቺም ጣዪው፤ ቤት ውስጥ ምን ያደርግልሻል?

አጎትሽ ጎሳዬ


ባቲ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ጎሳዬ

ዕቃው ደርሶ ተገጥሟል። ቃል በቃል አነበብኩለት። ፍራኦል፣ ይህ ሰውዬ ሽቦ የሚፈራ ይመስላል አለ። ለስርጉት ልጆች እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ዕቃ አልፈልግም።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ አፈሩን በእጅዎ አልብሰውታል። ይኸው አሁን ደግሞ ሚስማር ጨመሩበት።

ቀዳም ሹር ዕለት፣ ራስዎ ላይ ቄጤማ አስረው፣ በጉ ደጅ ታስሮ እየጮኸ፣ እርስዎ መኪናዋ ስር ነበሩ። መሪዋ ይንቀጠቀጣል ብሎ ሙላው ስለነገረዎት ነው የገቡት። አሮጌው ሽቦ ሲፈታ ተሰበረ። የመለዋወጫ ሱቅ ሁሉ ለበዓሉ ዝግ ነበር። እጅዎን ከስር ዘርግተው «አፀደ፣ አንድ ሚስማር ፈልጊልኝ» አሉኝ። ከአጥሩ በር ነቅዬ መዳፍዎ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለጊዜው ነው፣ ከበዓሉ በኋላ እለውጠዋለሁ አሉ። ማክሰኞ በጠዋት ጅቡቲ ሄዱ።

ሚስማሩን በፍራኦል ፒንሳ ጫፍ ሳየው አወቅኩት። የበራችን ሚስማር እንደ ሌላው ክብ አይደለም፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ያን ቀን ልጽፍልዎት እችል ነበር። እርስዎ ታላቅ ነዎትና ይቅደሙ ብዬ ጠበቅኩ። በአባቴ ላይ ጥለውት ሲያልፉ ግን አፈርኩ፤ በእርስዎም አፈርኩ፣ ሁለት ወር ዝም ባልኩት በራሴም አፈርኩ።

የሙላውን ደግሞ ይስሙ። ከገና በፊት አበጋሮቹ ፊት ቀርቦ ነበር። እንዴት ሆነ ሲሉት አላውቅም አለ። «አላውቅም» ደም አያደርቅም፤ አልተቀበሉትም። ሁለተኛ ጠየቁት፣ አላውቅም አለ። ሦስተኛው ላይ፣ እንዲያልቅለት ብሎ፣ ተኝቼ ነበር አላቸው። ከዚያ ወዲህ የምሩን አመነው። «መሪው ላይ አንገቴን ስደፋ ትዝ ይለኛል» ይለኛል። ያልሆነውን ነገር ነው ትዝ የሚለው። ስርጉት ስትጠራኝ እንኳ ሰማሁ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ፓስፖርቱን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። የመጨረሻው የዕርቅ ቀን ጥር 27 ነው። ካልተገኘ ሸሸ ይባላል፤ ደሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከባሕሩ ቢተርፍ እንኳ ተመልሶ እዚህ አገር አይቆምም። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው።

እኔ ብነግረው አያምነኝም። ከእርስዎ ቢሰማ ግን ያምናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ መኪና እርስዎ ያሉትን አምኖ ነው ያደገው። ስልክዎን አላስቸግርም። ናጋድ ይሂዱ።

አፀደ


ጅቡቲ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አፀደ

በሰላምታና በምርቃት ለመጀመር አፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ የመረቅኩሽ ሁሉ አንድ ነገር ላለመናገር ነበር።

ጌቾ ወረቀትሽን የሰጠኝ ቅዳሜ ጋራዡ በር ላይ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሥራዬን እንደተፈታ ትቼ በታክሲ ናጋድ ሄድኩ። የዚያን ዕለት ሙላው አልወረደም። እሁድም ሄድኩ፤ አልወረደም። ትናንት ሰው ሁሉ ለጥምቀት ነጭ ለብሶ ሲወጣ እኔ በግራሶ ልብሴ እንደገና ሄጄ መውጫው ላይ ቆምኩ። አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ብቻውን ሲወጣ አየሁት። ከስቷል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሊያልፈኝም አሰበ። እጁን ያዝኩት።

ከጣቢያው ውጪ ጥላ ያለበት ፈልጌ አስቀመጥኩት። ሻይ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለ። እሺ ብዬ ጀመርኩ። ቀዳም ሹርን፣ የተሰበረውን ሽቦ፣ ሚስማሩን ነገርኩት። ለአንቺም ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱንም ነገርኩት። ማክሰኞ ጋላፊ ኬላ ላይ ተሰልፈን ሳለ ኪሴ ውስጥ እጄን ብሰድ የተሰበረችው ሽቦ ወጣች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ልደውልላችሁ ስልኬን አወጣሁ። ይህን ያህል ዓመት መካኒክ ነኝ ብዬ፣ በፋሲካ ሚስማር አስሬ ሄድኩ ብል ሙላው ይስቅብኛል ብዬ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ሆነ። ከዚያ የስርጉትን መርዶ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያ ስልክ በጠራ ቁጥር በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠው ነበር። ሙቀቱም ላቡም ምንም አላደረገውም። አሮጌውን ዕቃ ለናሙና ላኪ ያልኩሽም ሚስማሩን ከእጃችሁ ለማውጣት ነው። አበባውን ያነሳሁት ቀን ደግሞ ራሴን ጠልቼ ነው የተኛሁት፤ ቢሆንም ወረቀቱን አልቀደድኩትም።

ሙላው ሰማኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቦርሳውን ከጭኑ አውርዶ መሬት አስቀመጠ። ቀና ብሎም፣

«ጋሼ፣ እንግዲያው አልተኛሁም ነበር?» አለኝ።

«አልተኛህም» አልኩት። «መሪው ነው ከእጅህ የሄደው።»

ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሜ መለስኩለት። ሦስተኛም ጠየቀኝ። አበጋሮቹ ሦስት ጊዜ እንደጠየቁት እሱም ሦስት ጊዜ ጠየቀኝና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሰው ሲያልፍ ያየናል ብዬ እንኳ አላፈርኩም። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

የመን መሄዱ ቀርቷል። ባቲ ይመለሳል፤ እኔም እመጣለሁ። የጋራዡን ባለቤት ፈቃድ ጠይቄ ከለከለኝ፤ ሳይፈቅድ ነው የምሄደው። ነገ በጌቾ መኪና እንነሳለን። ሙላው ከእኔ ጎን አልቀመጥም ብሏል። እሱ ከጌቾ ጎን ይሆናል፣ እኔ ከኋላ የሾፌሩ መኝታ አልጋ ላይ። ትክክል ነው፤ ይቅር በለኝ አላልኩትም። ያን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባኝ የስርጉትን ቤተሰብ ነው።

ይህንን ወረቀት ዛሬ በሚነሳ ሌላ ሾፌር ነው የምልክልሽ፤ ከእኛ ቀድሞ እንዲደርስ። አባ ዓቢዳ ዘንድ ሂጂና ሚስማሩን ያሰረው ሰው በገዛ አፉ ሊናገር እየመጣ ነው በያቸው። ሙላው ተኝቼ ነበር ያለውን ቃል ያንሳ፤ በእሱ ቦታ እኔ እቆማለሁ። የሚፈርዱትን ሁሉ እቀበላለሁ። መኪናዋንም እኔ ደርሼ አራቱን ሽቦዎች በዓይኔ ሳላይ ማንም እንዳያንቀሳቅሳት።

አንድ ነገር ይቀራል። ትናንት ከናጋድ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሙላው በመስኮት እያየ፣ ሚስማሩን ማን ሰጠዎት አለኝ። የጠየቀኝን ሁሉ መልሼለታለሁ፤ ለዚህ ብቻ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። አባ ዓቢዳ እንዳሉት ነው፤ ያ በእኔ አፍ የሚነገር አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባቲ እንገባለን። ግማሹን ሚስማር ይዘሽ በሩ ላይ ጠብቂን።

ጎሳዬ